የልጆች ብዛት የሚለው መስመር

ፍሎርዴሊሳ ትራሱን በአገጯና በደረቷ መካከል አጥብቃ ይዛ፣ የትራሱን ልብስ በሁለት እጇ ከታች ወደ ላይ ትስባለች። ልብሱ ሲገባ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቿ ገፋ ገፋ፣ ሆዱን አንዴ መታ ታደርግና ራስጌ ታስቀምጠዋለች፤ ክፍቱ አፍ ወደ ግድግዳ፣ የተሰፋው ወደ በር። እንግዳ በሩን ሲከፍት የትራስ አፍ ማየት የለበትም። ትራስ በአገጭ መያዝ ክልክል መሆኑን የሚናገር ወረቀት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተለጥፏል። ነገር ግን በቀን አሥራ ስድስት ክፍል የምታዘጋጅ ሴት ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋታል፤ የፍሎርዴሊሳ ሦስተኛ እጅ አገጯ ነበር።

«ኢንዳይ!» የሚል ድምፅ ከመታጠቢያ ቤቱ መጣ። «ነይ እስቲ ይህን ጉድ እዪ! ሰውዬው ገንዳ ውስጥ ውሻ ነው እንዴ ያጠበው?»

«ውሻ አላመጣም ማናንግ። ራሱ ነው፤ ትናንት ጢሙን ሲላጭ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ቁጥር ዘጠኝ ያደረው ድብ ነው በዪኛ! ለዚህ ነዋ ጉርሻ ሳይተው የሄደው።»

ተናጋሪዋ ኔና ነበረች። ማናንግ በእነሱ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው፤ ኢንዳይ ደግሞ ትልቅ ሰው ታናሹን ሴት አቅርቦ ሲጠራ የሚለው ነው። ኔና ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፍሎርዴሊሳ ካደገችበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ የሁለቱ ቤት አጥር አንድ ነበር። ወደዚህ ሞቴል የመጣችው አንድ ዓመት ቀድማ ሲሆን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዷን ካገኘች ቆይታለች። አፏ አያርፍም። በኔና ጆሮ የገባ ወሬ ማታውኑ አገር ቤት ዓሣ ገበያ ይወጣል እያሉ ሰዎች ይቀልዱባት ነበር። ፍሎርዴሊሳ ግን ይህን እንደ ቀልድ አልወሰደችውም።

ሞቴሉ ሳስካቸዋን በሚባለው ብርዳም ክፍለ ሀገር ሜዳ መካከል ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ አውራ ጎዳናው ላይ ነው። የካቲት ነበር። የነዳጅ ቆፋሪዎቹ መኪኖች ሞተራቸው በብርዱ እንዳይደርቅ የማሞቂያቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ፣ እንደታሰሩ ከብቶች ተደርድረው ቆመዋል። ፍሎርዴሊሳን እዚያ ሁሉም ሰው ዴሊ ነው የሚላት። ዴሊ ቀጣዩን ትራስ አነሳች። ስትጎነበስ በሽርጧ ኪስ ያለው ደብዳቤ ኮሽ አለ፤ እሷም ኔና የሰማች ይመስል ቀና ብላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተመለከተች።

ደብዳቤው የመጣው ከትናንት ወዲያ ነው። የሕክምና ምርመራሽ ደርሶናል፣ የፖሊስ ወረቀትሽም ደርሶናል ይላል። የመጨረሻው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት በቤተሰብሽ ላይ ለውጥ ካለ፣ ወይም ቀድሞ ሳይጻፍ የቀረ ልጅ ካለ፣ ከዚህ ጋር ባለው ገጽ ላይ ሞልተሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልሽ። ለውጥ ከሌለ «ለውጥ የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና ፈርሚ።

ሳይጻፍ የቀረ ልጅ የሚለውን መስመር ዴሊ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አታውቅም።

ስፖንሰር ያደረጓት የሞቴሉ ባለቤት ዋልተር ኩሊክ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው። ዴሊ እንደ አገሯ ሰዎች ሁሉ አሠሪዋን «ሰር» ስለምትል፣ «ንግሥቲቱ ያልሰጠችኝን ማዕረግ አንቺ ሰጠሽኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ሞቴሉን ለመሸጥ ካሰቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚያቆያቸው የዴሊ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው የቆመው በእሳቸው የሥራ ቃል ላይ ነውና፣ ሥራው ከቀረ እሱም ይቀራል፤ የሥራ ፈቃዷ ደግሞ በሰኔ ያበቃል።

የመጀመሪያውን ቅጽ የሞሉት ከሁለት ዓመት በፊት፣ እንግዶች ቁርስ በሚበሉበት ክፍል ነው። ሰር ዋልተር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እያነበቡ፣ የምትለውን በትላልቅ ፊደል ይጽፉላት ነበር። ኔና በዚያው ክፍል የቁርስ እህሉን ብርጭቆ ማሰሮዎች እየሞላች ነበር።

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም ሰር።»

«እነዚህ ወንዶች ዓይናቸው ምን ሆኗል! እሺ። ልጆች?»

የዴሊ አፍ ተከፈተ። ኔና ጀርባዋን ሰጥታለች፤ እጇ ግን ማሰሮው ላይ ቆሟል። እህሉ ሲወርድ የነበረው ድምፅ ተቋርጧል።

«የሉኝም» አለች ዴሊ።

ሰር ዋልተር «የልጆች ብዛት» ከሚለው ጎን ዜሮ ጻፉ። ዜሮው ጫፍና ጫፉ ስላልተገናኘ፣ መልሰው በደንብ ገጠሙት። ወዲያው ኔና «ወተት ላምጣ» ብላ ወጣች። የወተቱ ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ዴሊ ያን አይታለች፤ ትርጉም ግን አልሰጠችውም። ወደ ገጹ ግርጌ ደረሱና ፈረመች።

ልጅቷ ሪዛሊን ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዴሊ የወለደቻት በሃያ ዓመቷ ነው፤ አባትየው የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር፣ ወደ ሌላ ደሴት ሄዶ በዚያው ቀረ። የዴሊ እናት በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን በዓመት በዓሉ ቀን የእመቤታችንን ምስል ከሚሸከሙት ሴቶች አንዷ ናት። የልጇ ሆድ ሳይታወቅ ወስዳ ተራራ ላይ ካለች አክስት ዘንድ ደበቀቻት። እሷ ራሷ ወደ መንደር ተመልሳ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ አረገዝኩ ብላ አወራች። ሕፃኗ ስትወለድ አዋላጇ የእናት ስም በሚለው ላይ የአያቲቱን ስም ጻፈች፤ ማዘጋጃ ቤቱም ያንኑ መዘገበ። ክርስትና ስትነሳ ደግሞ ክርስትና እናት ሆና ያቀፈቻት «ታላቅ እህቷ» ዴሊ ነበረች። እንዲህ ሆነና ሪዛሊን በወረቀት እህቷ፣ በቤተ ክርስቲያን የክርስትና ልጇ ሆነች። ከሆዷ የወጣች ልጇ መሆኗን የሚያውቁት እናቷና አዋላጇ ብቻ ናቸው፤ ዴሊ እንዲያ ነበር የምታምነው። ልጅቷ ራሷ «ማናንግ» ነው የምትላት።

ረቡዕ ረቡዕ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለስደተኞች ምክር የምትሰጥ አንዲት ሴት ትቀመጣለች። ዴሊ ሥራ ስትጨርስ ሄደች። ሴትዮዋ ራሷ የሠራችው ሹራብ ለብሳ ነበር፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። ዴሊ ዓይኗን እጅጌው ላይ ተክላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በአፏ አወጣችው።

«ልጅ አለችኝ። ወረቀቱ ግን እህቴ ናት ይላል።»

ሴትዮዋ አልደነገጠችም። ብዕሯን አስቀመጠችና ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሳትጻፍ የቀረች ልጅ፣ እናቲቱ ቋሚ ነዋሪ ከሆነች በኋላ በቤተሰብ በኩል ልትመጣ አትችልም። እህትማ ጭራሽ። መጻፍ ካለባት አሁን ነው፤ በዚህ ገጽ፣ በእነዚህ ሠላሳ ቀናት።

«ሁለት ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። የልደት ወረቀቷም። እሱ የሌላ ሴት ስም ስላለበት ደግሞ እናትሽ ቃለ መሐላ ትሰጣለች፣ ፍርድ ቤት ያርመዋል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ዓመት። ምናልባት ከዚያም በላይ። እስከዚያ አሠሪሽ ሥራውን ይዞ ይጠብቅሽ። ለምን ዋሸሽ ማለታቸው አይቀርም፤ እውነቱን ጻፊ፣ እኔ አግዝሻለሁ።»

ዴሊ ያን ምሽት ለሪዛሊን መልእክት ላከች፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመሽ፣ ሳትስቂ፣ ጠጉርሽን ከጆሮሽ ወደ ኋላ አድርገሽ ተነሺና ላኪልኝ አለቻት። ፎቶው ወዲያው መጣ። ልጅቷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። የግራ ጆሮዋ ጫፍ እንደ ዴሊ ጆሮ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው።

«ማናንግ፣ ለምንድን ነው?» ብላ ጻፈች።

«ለወረቀት።»

«ልትወስጂኝ ነው እንዴ? ንገሪኝ! በረዶ ስነካ እጄ ይቆረጣል ይላሉ፣ እውነት ነው? ጓንት እገዛለሁ!»

ዴሊ «እናያለን» ብላ መለሰችላት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቷ ፋርማሲው ሄደች። ከመድኃኒቱ መሸጫ ጎን ፎቶግራፍ የሚያትሙበት ጠረጴዛ አለ። ኬይሊ የምትባለው ሠራተኛ ፎቶውን ከስልኳ ተቀብላ ልኩን ጠየቀቻት። «አቤት፣ ቁርጥ አንቺን! እህትሽ ናት?» አለች። ዴሊ የአንገት ልብሷን ስታስተካክል ቆይታ «ነገ እወስደዋለሁ» ብቻ ብላ ወጣች። በነጋው ግን በረዶው ከነፋስ ጋር ተነስቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ፋርማሲውም አልከፈተ።

በረዶው ባቆመ ዕለት ሰር ዋልተር ጠሯት። ቢሮአቸው ውስጥ የሞተችው ሚስታቸው የተከለችው አበባ አለ፤ ከእሳቸው ይልቅ ዴሊ ናት ውኃ የምታጠጣው።

«ቁጭ በይ ዴሊ። ገዢ ተገኘ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ ከነሚስቶቻቸው። በመጋቢት መጨረሻ እንፈራረማለን። ያንቺ ደብዳቤ ደርሷል አይደል? እስከዚያ ያልቃል ብዬ ነው።»

«ሰር... ቢዘገይስ?»

«ምን ያህል?»

«አንድ ዓመት ቢሆን።»

ሳቁ፤ ከዚያ ፊቷን አዩና ሳቃቸው ጠፋ። «አንድ ዓመት? ልጄ፣ እኔ ከመኝታ ቤቴ እስከዚህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅብኝ ሰው ነኝ። እነዚህን ሰዎች ካጣሁ ሌላ ገዢ አይመጣም። ጽዳቱን ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ ወረቀት ያላትን አንዲት ሴት ያስቀሩ ይሆናል፣ ስፖንሰር ግን አንሆንም ብለውኛል። ምን ተፈጠረ? የጎደለ ነገር አለ?»

እዚህ ላይ ብትናገር ሽማግሌው ይሰሟት ነበር። ምናልባት ወንድማማቾቹን ይለምኑላት ነበር። ነገሩ ምላሷ ላይ ደረሰ፤ በዚያው ቅጽበት ኔና በመተላለፊያው ጋሪዋን እየገፋች፣ እያንጎራጎረች አለፈች።

«ምንም አልጎደለም ሰር» አለች ዴሊ። «እንዲያው ለማወቅ ነው።»

ተነስታ አበባውን ውኃ አጠጣች።

የቀራት እናቷ ናት። እናቷ ቃሏን ብትሰጥ፣ የቤተ መጻሕፍቱ አማካሪ ደብዳቤ ብትጽፍላት፣ ምናልባት ቀናቱ ይበቁ ይሆናል። እሑድ ማታ ደወለች፤ በዚያ ሰኞ ጠዋት ነው። በስልኩ ውስጥ ዶሮ ይጮኻል። እናቷን የምትጠራት ናናይ፣ እማዬ፣ ብላ ነው።

«ናናይ፣ ሪዛሊን ትምህርት ቤት ሄደች?»

«ሄደች። ምነው ድምፅሽ? አሞሻል?»

«አላመመኝም። ናናይ፣ ሪዛሊንን ልጽፋት ነው።»

«የት?»

«ወረቀቱ ላይ። ልጄ ብዬ።»

እናቷ ዶሮውን እሽ ብላ አባረረችው።

«ቃል መስጠት አለብሽ» አለች ዴሊ፣ ቶሎ ቶሎ። «ዳኛ ፊት። እኔ አልወለድኳትም፣ እሷ ናት የወለደቻት ትያለሽ። በቃ ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው? አሥራ አራት ዓመት የእግዚአብሔርን ቤት ስዋሽ ኖርኩ ብዬ መናገር ነው ለአንቺ ይኸው ነው? በዚህ ትከሻ ነው እኮ እመቤታችንን የምሸከመው! ያስሩኛል ዴሊ። ባያስሩኝ እንኳ በየት በኩል ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው?»

«አዋላጇ ብትመሰክርስ?»

«አዋላጇ ከሞተች አራት ዓመቷ። አበባ ላክሽ እኮ፣ ረሳሽው?»

«ናናይ፣ እሷን ለማምጣት ያለኝ ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የለም።»

«ማን ውሰጃት አለሽ?» የእናቷ ድምፅ ድንገት ወረደ። «አንዷን ያ አገር ወሰደብኝ። ይቺን ወስደሽ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ? ሲመሽ ማን በሩን ይዝጋልኝ? ያጠብኳት እኔ፣ ትኩሳት ሲይዛት ያደርኩ እኔ። አንቺ ወልደሽ ሰጠሽኝ። የሰጡትን መልሰው አይቀሙም።»

«አልሰጠሁሽም። ወሰድሽብኝ።»

ይህን ስትናገር ራሷም ደነገጠች። እናቷ አለቀሰች፤ ዴሊም ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ እናቷ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ በእርጋታ፣ እንደ ምክር ተናገረች።

«ወረቀትሽን ያዢ ልጄ። ይህ ቤት የቆመው በአንቺ ነው፣ እሷም የምትማረው በአንቺ ነው። ተባረሽ ብትመለሺ ምን ታገኛለሽ? ብትመለሺም እህቷ ነሽ።»

ዴሊ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብትመለሺም እህቷ ነሽ። ነገሩን ከየትም አቅጣጫ ብትይዘው ያው ነበር፤ በር የለውም።

ከሠላሳው ቀን ሃያ ስምንተኛው ላይ፣ ቁጥር ዘጠኝን አጽድታ ስትጨርስ፣ የእንግዳው ጠረጴዛ ላይ ገጹን ዘረጋች። በሞቴሉ ብዕር «ለውጥ የለም» ከሚለው ፊት ምልክት አደረገች። ብዕሩ ቀለም ከልክሏት ስለነበር ምልክቱ በደንብ አልታየም፤ ደገመችው። ፈረመች። ፖስታውን ሰር ዋልተር ወደ ከተማ ሲወጡ ይዘውላት ሄዱ።

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዷ የጸደቀው ሽያጩ ሊፈረም አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሰር ዋልተር ቁርስ ክፍሉ ውስጥ ኬክ አስቀመጡ፤ ኬክ ጋጋሪው ስሟን ስቶ «ዶሊ» ብሎ ጽፎበታል። ኔና ትልቅ ብረት ድስት ሙሉ ፓንሲት ሠርታ አመጣች፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ኑድሉ አይቆረጥም፣ ርዝመቱ ዕድሜ ነው ይላሉ። አንድ የነዳጅ ሠራተኛ ሹካውን እስከ ግንባሩ እያነሳ ሲታገል ኔና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ከአሁን በኋላ ማንም ሂጂ ሊልሽ አይችልም» አሉ ሰር ዋልተር፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር አንዱ ደህና ነገር ይህ ነው። ለወንድማማቾቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ ያስቀሩሻል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሰር» አለች። ኬኩን በላች፤ «ዶሊ» ከሚለው የመጨረሻው ፊደል ያረፈበት ቁራጭ ነበር የደረሳት። ደስታዋን ሁሉም እንዲያይ ጥርሷን ስታሳይ ቆየችና፣ አንሶላ መድረቁን ልይ ብላ ወጣች።

ኔና ተከትላት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች። አንድ ትልቅ አንሶላ ከማድረቂያው አውጥተው በሁለት በኩል ያዙ። አንሶላ ሲታጠፍ ሁለት ሰዎች ይራራቃሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ጫፍ ይቀባበላሉ፣ እንደገና ይራራቃሉ።

«እንግዲህስ» አለች ኔና ስትቀርብ፣ «ሪዛሊን መቼ ነው የምትመጣው? ለትምህርት መክፈቻ ትደርሳለች?»

«እህት ማምጣት አይቻልም እኮ ማናንግ።»

ኔና የአንሶላውን ጫፍ ሳትቀበላት ቆመች። «እህት? ኢንዳይ፣ እኔ ነኝ እኮ። እዚህ ማንም የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንቺ ተራራው ላይ አክስትሽ ዘንድ ሳለሽ፣ እናትሽ ትራስ ሆዷ ላይ አስራ ገበያ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ከጀልባ ስትወርድ ትራሱ ዞሮ በጎኗ ወጣ። ዓሣ ሻጮቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ ባሕር አዞሩላት፣ እንዳታፍር ብለው። ባሕሩን ስናይ ስናይ፣ እሷ ትራሷን አስተካክላ አለፈች።» ኔና ትንሽ ሳቅ ብላ ነበር፤ የዴሊን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ክፉ ተናግሯችሁ ያውቃል? ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት፣ አንዷን ጨመረች፣ አለቀ ነው ያልነው።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ማን አያውቅም በዪኝ። ቄሱም ያውቃሉ። አንቺን ክርስትና እናት አድርገው ያቆሙሽ ለምን ይመስልሻል?»

ዴሊ አንሶላውን እንደያዘች ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት መንደሩ ሁሉ የያዘላትን ነገር እሷ ብቻዋን የያዘችው መስሏት ኖረች።

«ያን ጊዜ» አለች ኔና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽማግሌው ልጆች ሲሉሽ የሉኝም ስትዪ፣ እኔ ስላለሁ ነው ያፈረችው ብዬ ወጣሁልሽ። ወተት ላምጣ ብዬ። ስወጣ ታስተካክለዋለች ብዬ። አላስተካከልሽውም?»

ዴሊ የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ በጣቶቿ አስተካከለች።

«ኋላስ? ደብዳቤው ሲመጣስ? ኢንዳይ፣ አልጻፍሻትም? ... ኦ አምላኬ። እኔን ፈርተሽ? እኔን?»

ኔና አንሶላውን ለቀቀችው፤ ግማሹ መሬት ወደቀ። ሊያቅፏት የተዘረጉት እጆቿ መሐል መንገድ ላይ ቀሩ፤ ዴሊ ጎንበስ ብላ የወደቀውን አንሶላ እየሰበሰበች ነበርና። መሬት የነካ አንሶላ እንደገና ይታጠባል። ማጠቢያው ውስጥ ከተተችው፣ ሳሙና ለካች፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን ተጫነች። ውኃው ሲገባ ሁለቱም ቆመው ተመለከቱት።

ያን ሳምንት ሐሙስ ስልኳ ጠራ። ኬይሊ ነበረች፣ ከፋርማሲው።

«ዴሊ፣ የእህትሽ ፎቶ እኮ ከየካቲት ጀምሮ እኛ ዘንድ ነው። ከአንድ ወር በላይ አናቆይም፣ ግን ቆንጆ ልጅ ስለሆነች መጣሉ አሳዘነኝ። ትመጪያለሽ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች ዴሊ።

ቅዳሜ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ነበር፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ሥራዋን በጊዜ ጨረሰች። ካፖርቷን ለበሰች፣ ቦቲዋን አሰረች፣ ጓንቷን አደረገች። ፋርማሲው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሰዓቱን አየች፤ አሥር ከሩብ ይላል። ስልኳ ላይ የሪዛሊን መልእክት አለ፤ «ማናንግ፣ ናናይ ወረቀትሽ እንደመጣ ነገረችኝ! የእኔስ መቼ ይመጣል? ያ ፎቶ ደርሷል?» ይላል።

በር ላይ ደርሳ ቆመች። የሆኪ ተጫዋቾች የያዘ አውቶቡስ ግቢው ውስጥ ሲታጠፍ አየች፤ ስምንት ክፍል ለዛሬ ተይዞ ነበር፣ አንሶላው ሁሉ ግን ተነጥፏል፣ ፎጣውም ተቀምጧል። የቀረ ሥራ አልነበረም። ቢሆንም ጓንቷን አወለቀች። ካፖርቷን እንደለበሰች ቁጥር አሥራ ሁለትን ከፍታ ገባች፣ ቀድሞ ከለበሰ ትራስ ላይ ልብሱን አወጣች፣ ትራሱን በአገጯና በደረቷ መካከል ይዛ እንደገና ታለብሰው ጀመር።